የቀበቶ ደብተር

«ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ምንድን ነው የምልሽ?»

ቁንጫ ከጠረጴዛው ቀና አላለችም። «ቀበቶ ነው» አለች።

እናቷ የፍሪዘሩን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን በጩኸት ትሞላው ነበር። አሁን ግን ወንበር ስባ ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ቀበቶ የወንድሟ እባብ ነበር። መርዝ የሌለው፣ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ቡናማ እባብ። ወንድሟ የዛሬ ዓመት ከእንስሳት መሸጫ ይዞት ሲመጣ እናታቸው ወንበር ላይ ወጥታ «አንድም እሱ፣ አንድም እኔ!» ብላ ነበር። «ሲያድግ ቀበቶ እናደርገዋለን» ብሎ አሳቃት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ለእህቱም ቁንጫ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱው ነው። በአሥራ አራት ዓመቷም ስሙ አለቀቃትም።

ሆስፒታል ሲገባ፣ ይኸው ሦስት ወሩ፣ ደብተር ትቶላት ሄደ። ቀበቶ የበላበት ቀን ሁሉ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ ለእሷ ብሎ እንዲህ ጽፏል፦ «የሚበላትን አይጥ ከፍሪዘር አውጥተሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቻት። መሃሏ እስኪሞቅ አትቸኩይ። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አትንኪው። ካስመለሰ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አትስጪው፤ ሆዱ ማረፍ አለበት። አንጀትሽን ቢበላውም አትስጪው።»

መጀመሪያ ላይ አይጧን በወረንጦ የምትይዘው ዓይኗን ጨፍና ነበር። እየቆየች ለመደችው። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ እጇን ስታስገባ ቀበቶ ጣቷ ላይ ይጠመጠማል። ወንበር ላይ የወጣችው እናቷ እንኳን ከበሩ ላይ ሆና «ደህና አደረ?» ማለት ጀምራ ነበር።

የሒሳብ ፈተና በነበረበት ማክሰኞ ቁንጫ ቸኮለች። አይጧን ዳሰስ አደረገቻት፤ ላይ ላዩን ሞቃለች። ሰጠችው፣ ዋጠ፣ እሷም ወደ ትምህርት ቤት በረረች። በማግስቱ አይጧ እንዳለች ተተፍታ ሳጥኑ ጥግ ላይ አገኘቻት። መሃሏ በረዶ እንደነበረ ያኔ ገባት።

ገና እያጸዳች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«ቁንጫዬ፣ ቀበቶ በላ?» አለ ወንድሟ።

«በላ።» ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«አንበሳ!» አለ ወንድሟ። ያን ቀን ምሳውን አንድም ሳያስቀር ጨረሰ ብላ ነርሷ ለእናታቸው ነገረቻት። እናትየው ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ወጥ ቤት ውስጥ አለቀሰች። ቁንጫ ግን ውሸቷን እውነት ልታደርገው ፈለገች። ሁለት ሳምንት ሳትጠብቅ ቅዳሜ ዕለት ሌላ አይጥ በደንብ አሙቃ ሰጠችው። ዋጠ። እሁድ እሷንም ተፋት። ያን ቀን ራሴን አሞኛል ብላ ወንድሟን ልትጠይቅ ሳትሄድ ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት እጇን ስታስገባ ቀበቶ ጣቷ ላይ አልተጠመጠመም።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አለች እናቷ፣ ለእንስሳት ሻጩ ደውላ ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ። «ሻጩ ልክ ቀበቶን የሚመስል አለኝ ብሏል። ይኸው ፎቶውን ልኮልኛል፣ ወደ አንቺ ስልክ ላስተላልፈው። ሲጠይቅሽ እሱን አሳዪው።»

«ያውቃል፣ እማዬ።»

«እባብ እንደሆነ እባብ ነው፣ በምን ያውቀዋል?» ድምጿ ተሰበረ። «ልጄ፣ አሁን ይሄን የሚሸከም አቅም የለውም። በናትሽ።»

ቁንጫ የምታውቀው፣ እናቷ የማታውቀው ነገር አለ። ሆስፒታል በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ወንድሟ እጇን ይዞ «የሚመጣው ሁሉ ፊትህ በርቷል ይለኛል። መስታወት የሌለኝ መሰላቸው እንዴ? አንቺ ብቻ እንዳትዋሺኝ» ብሏት ነበር። እሷም እሺ ብላለች።

ቅዳሜ በጠያቂ ሰዓት ሲገቡ ወንድሟ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የእጆቹ ቆዳ በመድኃኒቱ ተልጧል።

«አየሽ፣ እኔም እንደ ቀበቶ ቆዳዬን እየቀየርኩ ነው» አላት። «እንዴት ነኝ?»

«ከስተሃል። አንገትህ የተነጨ ዶሮ መስሏል።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናትየው። ወንድሟ ግን ሳቀ፣ ሳል እስኪያቋርጠው ሳቀ። ከዚያ ከንፈሩን ጠረገና «ቀበቶስ?» አለ።

ብርቱካን ይልጥ የነበረው የእናቱ እጅ ቆመ። «ደህና ነው፣ የኔ ጌታ። በጣም ደህና ነው» አለች።

እሱ ወደ እናቱ አልዞረም። የሚያየው ቁንጫን ነበር። ፎቶው ስልኳ ውስጥ አለ፤ አንዴ መንካት ብቻ ነው። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ደብተሩን አወጣች፣ ጠዋት የጻፈችውን ገጽ ገልጣ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ማክሰኞ፦ መሃሏ ሳይሞቅ ሰጠሁት። ረቡዕ ተፋት። በላ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ቅዳሜ፦ ሁለት ሳምንት ሳልጠብቅ ደገምኩለት። እሁድ ተፋ። ሐሙስ ሞተ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። እንባው ሲወርድ አልጠረገውም። ቁንጫ እሱ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ መርፌ ሲወጉት እንኳን ይቀልዳል።

«ሁለት ሳምንት ብዬ ጽፌልሽ ነበር» አለ።

«ጽፈህልኝ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ።»

በተላጠ እጁ እጇን ፈልጎ ያዛት።

«የት ቀበርሽው?»

«አልቀበርኩትም። ፍሪዘር ውስጥ ነው። አንተ ስትወጣ አብረን...»

«እኔን አትጠብቂ፣ ቁንጫዬ።»

እናታቸው ብርቱካኑን እንደያዘች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ቁንጫ አሁን ምን እንደሚባል ታውቃለች። ሁሉም ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ሲለው ሰምታለች፦ ምን ማለትህ ነው፣ በቅርብ ትወጣለህ እንጂ። ምላሷ ላይ ደርሷል። ወንድሟም ያንኑ የሚጠብቅ ይመስል ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም።

ዋጠችው። ደብተሩን ከጭኑ ላይ አንስታ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«የት ልቅበረው?» አለችው።