ቃል የተገባባት ሥዕል

ኡሙሰልማ ሥዕል እየሸጠች ባደረችባቸው ስድስት ዓመታት የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሰው ሥዕል የሚገዛው ሥዕሉን አይቶ አለመሆኑን ነው። አንዷ የመጋረጃዋን ቁራጭ ይዛ መጥታ «ከዚህ ጋር የሚሄድ አረንጓዴ» ትላለች። ሌላው እርጥበት የበላውን ግድግዳ በክንዱ ለክቶ ይመጣል። ሙሽሮች ከሆኑ ደግሞ የሚመርጡት የሙሽራዋ እናት ናቸው። እሷ አትከራከርም። ጠቅልላ፣ መርቃ ትሰጣለች። ቤቷ ስትገባ ግን አንድም ሰው ሥዕሏን እንዳላየላት ይሰማታል።

ሱቋ ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከእትዬ ገበያነሽ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ናት። አባቷ መሕሙድ ፍሬም ይሠሩባት የነበረች ጠባብ ቤት ናት፤ እሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ኡሙሰልማ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ። ሰው አትሥልም። አባቷ «ነፍስ ያለው ነገር ይቅርብሽ» ብለዋት ስለነበር የምትሥለው በር፣ መንገድ፣ ዛፍ፣ ደጅ ነው።

በሽር የመጣው በሐምሌ፣ አንድ ሰኞ፣ ዝናብ አባሮት ነው። ስስ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቋል።

«አሰላሙ አለይኩም። እስኪያባራ ልቁም?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ግባ። በሐምሌ ደሴን በሸሚዝ የሚደፍር የኮምቦልቻ ሰው ብቻ ነው።»

«ምን ላድርግ፣ እዚያ ስነሳ ፀሐይ ነበር።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። በስተቀኝ የተሰቀለችውን ትንሽ ሥዕል አይቶ ነው። ገርበብ ያለ በር፣ ደፉ ላይ የወንድና የሴት ጫማ፤ ሌላ ምንም የላትም። ኡሙሰልማ ሥዕል የሚያይ ሰው ስታይ ኖራለች፤ እንዲህ የሚያይ ግን አልገጠማትም። ዝናቡ አባርቶም እሱ አልሄደም።

«ይህችኛዋ ሰው አለባት» አለ በመጨረሻ።

ሌላው ሁሉ «ሥዕሎችሽ ሰው የላቸውም» ነበር የሚላት።

በሽር የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ውስጥ ክሬን ይነዳል፤ የዕረፍት ቀኑ ሰኞ ነው። በሚቀጥለው ሰኞም መጣ፤ በሌላውም። አትክልቱን ገዝቶ፣ ፌስታሉን ደጃፍ አስቀምጦ፣ ሥዕሏን ያያል፤ ያወራል። ክሬኑ ላይ ብቻውን ተሰቅሎ ሲውል የሚያናግረው ሰው በሬዲዮ ብቻ እንደሆነ፣ የተከራያት ክፍል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሬዲዮውም እንደሌለ ነገራት። እሷም ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው፦ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ራቷን የምትበላው ቆማ ነው። አልሳቀባትም። በሳምንቱ ሲመጣ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ «ተቀምጠሽ በላሽ?» አላት። ያን ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ በላች።

እትዬ ገበያነሽ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ሁሉንም ያያሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ሰኞ ሻርፕሽ ይለወጣል።»

«ሥዕል ሊገዛ ነው የሚመጣው፣ እትዬ።»

«አንድ ሥዕል ሁለት ወር ሙሉ አይታይም፣ ልጄ።»

በስምንተኛው ሰኞ በሽር ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ አዲስ ሹራብ ለብሶ መጣ። ቢጋበዝም አልተቀመጠም።

«ዛሬ ልወስዳት ነው» አለ ወደ ሥዕሏ እያመለከተ።

ኡሙሰልማ ደነገጠች። ከወሰዳት በኋላ በሰኞ ቀን ምን ብሎ ይመጣል? የሚያመጣው እሷ ራሷ ልትሆን እንደምትችል ለማሰብ ድፍረቱ አልነበራትም። አፏ ቀደማት።

«ሌላ ሰው ቃል ገብቶባታል።»

ገበያ ላይ እንደሚሆነው ይሆናል ብላ ነበር። ይከራከራል፣ ልጨምር ይላል፤ እሷ «እስቲ ሰውየውን ላናግረው» ትላለች፤ ነገሩ እየተጎተተ ገና ስንት ሰኞ ይገኛል። በሽር ግን እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ።

«ሰው በገዛው ላይ አይገዛም» አለ ቀስ ብሎ። «አላህ ይባርክለት።»

ትንሽ ቆሞ ፊቷን አየ። ሊናገር የፈለገው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ሳይናገር ወጣ።

በሚቀጥለው ሰኞ አልመጣም። በሌላውም አልመጣም። ስልኩን እንኳ ተቀብላው አታውቅም፤ ሰኞ እያለ ስልክ ምን ያደርጋል ብላ። ሰው ደጃፏ ላይ ኮቴ ባሰማ ቁጥር ቀና ትላለች፤ መጋረጃ የያዘች ሴት ትሆናለች። ራቷንም መልሳ ቆማ መብላት ጀመረች።

በስድስተኛው ሰኞ እትዬ ገበያነሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን አደረግሽው?»

ነገረቻቸው። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የዋሸ አፍ ራሱ ሄዶ ያቃናል። ኮምቦልቻ እንደሁ ባሕር ማዶ አይደለም።»

ሴት ልጅ ወንድ ፍለጋ ወረደች መባሉ እያሳፈራት፣ ማክሰኞ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልላ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር የምትለውን ታዘጋጃለች፤ ከታች ሙቀቱ ሲቀበላት ሁሉም ጠፋባት። የወደቡ ጥበቃ ስሙን ጠይቆ አስጠራላት። በሽር ሄልሜቱን በእጁ ይዞ፣ እየሮጠ መጣ።

«ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሰውየው የለም።»

«የትኛው ሰውየ?»

«ሥዕሏ ላይ ቃል ገባ ያልኩህ። ዋሽቼ ነው። ከወሰድካት ዳግም የማትመጣ መሰለኝ። የፈራሁት ሥዕሏን ማጣት አይደለም፣ አንተን ነው።»

ይህን ያህል እውነት በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። አንድ ከባድ መኪና ከግቢው ወጣ፤ ሁለቱም አቧራውን ሸሽተው አጥሩን ተጠጉ።

«ባለፈው ጁምዓ» አለ በሽር አቧራው ሲሰክን፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አጎቴ ጀማሉዲን ሽማግሌ ይዘው ሄዱልኝ። ሐርቡ፣ ሙና የምትባል ልጅ ቤት። ልጅቱም፣ ቤተሰቦቿም እሺ ብለዋል።»

«ተወው» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷ ሁለቱን ሁልጊዜ አንድ ላይ ነበር የሚሏት፦ ሰው በገዛው ላይ አይገዛም፣ ሰው ባጨው ላይ አይታጭም። እሱም የሌለን ሰው ቃል እንኳ ያከበረ ነው። ቃሉን አጥፎ ቢመጣላት፣ የመጣው ሰው የወደደችው በሽር አይሆንም።

«አላህ ያማረ ትዳር ያድርግላችሁ» አለች። ድምፅዋ ጸና። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለምን ነበር ልትገዛት የፈለግከው?»

በሽር ሄልሜቱን በእጁ ውስጥ አዞረ።

«መጀመሪያ ቀን ወድጃት ነው። በኋላ ግን...» አለና ቆመ። «አጎቴ ‹የማንን ልጅ እንጠይቅልህ› እያሉ ይወተውቱኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወላሂ፣ ይህን ለአጎቴ የምናገርበት አፍ የለኝም። ሥዕሏን ወስጄ ፊታቸው ላስቀምጥና ‹ይህችን የሠራችውን› ልላቸው ነበር።»

ኡሙሰልማ ገለጥ ያለችውን ሥዕል በነጠላው ጫፍ መልሳ ሸፈነች። እሱ እጁን ሊዘረጋ አለና ተወው።

«አሁን ልወስዳት አልችልም» አለ። «የሙና ቤት ውስጥ አንቺን ሰቅዬ መኖር አይሆንም።»

«አውቃለሁ። ግባ፣ ሥራ አስፈታሁህ።»

ሚኒባሱ ወደ ደሴ መውጣት ሲጀምር ሥዕሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። መኪናው ባንገጫገጨ ቁጥር ነጠላው ይንሸራተታል። አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት አንድ ጊዜ ሥዕሏን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩ። ኡሙሰልማ አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ በሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ እንባዋ ሲወርድ መጥረጊያ እጅ እንኳ አልነበራትም። ሴትየዋ ምንም አልጠየቋትም። ሥዕሏን ቀስ ብለው ከእጇ ተቀበሏትና የራሳቸው ጭን ላይ አስቀመጡላት፣ ፊቷን እንድትጠርግ።