ባልመጣ አውሮፕላን የመጣው ልጅ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ፣ እኔ የጂንና የሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻዬን ጨልጬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ «እገሌ መቃብሩ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አየ» ሲሉኝ «ስንት ጠጥቶ?» ብዬ የማሾፍ፣ በዚህም የተነሳ ደረቅ የምባል ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን የማወራህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ እስካሁን ያመነኝ የለም፣ ለምጄዋለሁ።

ሰይድ እባላለሁ። ቤተሰቦቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ እኔ ግን እዚሁ ወለጋ ነው የተወለድኩት፣ እናትና አባቴን እዚሁ ቀብሬ፣ ወንድም የለኝ እህት የለኝ፣ ሥራ ፍለጋ ነቀምቴ ስገባ የደረሰልኝ ገመቹ የሚባል ልጅ ነው። ኤርፖርት ጭነት ክፍል ይሠራ ስለነበር እኔንም እዚያው መንገደኛ መቀበያው ላይ አስቀጠረኝ፣ ቡርቃ ጃቶ ያሉት አክስቱ አዴ ጋዲሴም ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አስከራየኝ። አዴ ጋዲሴ ደግሞ ምን ዓይነት አከራይ መሰሉህ! እሳቸው ጴንጤ፣ እኔ እስላም፣ በረመዳን ግን ማፍጠሪያዬን ሸፍነው የሚጠብቁኝ እሳቸው፣ ሲጠሩኝም «ኢልማ ኮ» ነው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚህች ምድር ላይ ባመሽ «ምነው ቀረ?» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ክረምት ነው፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሥራ ላይ ሆኜ ገመቹ ደወለልኝ፣ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበር።

«ሰይድ፣ ለሜሳ አርፏል» አለኝ።

ለሜሳ የአዴ ጋዲሴ አንድ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ኢና ሊላሂ አልኩ።

«አስከሬኑ ነገ በአውሮፕላን ይመጣል። ዘመድ እየሰበሰብኩ ነው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። ልቧን ታውቀዋለህ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል፣ ብቻዋን ሆና ከሰማች እሷንም እናጣታለን። አደራ፣ ሰይድ፣ አብረሃት የምታድረው አንተ ነህ።»

«ወላሂ ከኔ አፍ አይወጣም» አልኩት። እንዴት ሞተ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፣ ይህንን ልብ በልልኝ፣ ሟቹን ምን እንደገደለው አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጉሙ ወረደ፣ ማኮብኮቢያው ጠፋ፣ አጥሩ ጠፋ፣ የዕለቱ በረራ ተሰረዘ። ሸኚም ተቀባይም ባጃጅ በባጃጅ ሆኖ ወደ ከተማ ተመለሰ፣ ባልደረቦቼም ሄዱ፣ ዘጋግቶ የመውጣቱ ተራ የኔ ነበር። ሰው የሌለበት ኤርፖርት ገብተህ ታውቃለህ? ገበያ እንኳ ሲበተን ውሻ ይቀርለታል፣ እዚህ ግን የራስህ ጫማ ብቻ ነው የሚሰማህ። ወንበሮቹን እያስተካከልኩ በሩ ተከፈተና አዴ ጋዲሴ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ፣ በሌላ እጃቸው ክዳን ያለው ሳህን ይዘዋል።

ሮጬ ጃንጥላውን ተቀበልኳቸው።

«አዴ፣ በዚህ ዝናብ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ለሜሳ ይመጣል አይደል እንዴ? ምሳ ሰዓት ላይ ደወለልኝ፣ ‹ዛሬ በአውሮፕላን እገባለሁ፣ መጥተሽ ተቀበይኝ› አለኝ። አንጮቴ ቀቅዬለታለሁ፣ እዚያ የት ያገኛል!»

ምሳ ሰዓት ላይ! አራት ሰዓት ላይ የሞቱን ወሬ የሰማሁት ልጅ! አርጅተዋል፣ የትናንቱን ስልክ ከዛሬው አምታተውት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ግን አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ ደግሞ እስከ ዛሬ የምጸጸትበት ውሸት ነው።

«አውሮፕላኑ እኮ ቀርቷል፣ አዴ። ለሜሳ ለኔም ደውሎልኛል፣ ነገ ነው የምመጣው ብሏል፣ ደህና ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሏል።»

በሞተ ሰው ስም ዋሸሁ! አዴ ጋዲሴ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ፣ «ላንተም ደወለልህ?» አሉ፣ ከዚያ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው መውጫው በር ትይዩ ቁጭ አሉ። «ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

እንግዲህ ስማኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የሞተር ድምፅ ነው፣ ከጉሙ በላይ፣ ሩቅ፣ እየዞረ። ማማው ላይ ላለው ባልደረባዬ ደወልኩ።

«የቱ አውሮፕላን? ዛሬ ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው፣ ዝጋና ወደ ቤትህ ሂድ አቦ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ስልኩን ስዘጋው ድምፁም የለም። ተመስገን ከማለቴ ከግድግዳው ወዲያ፣ በማኮብኮቢያው በኩል፣ የሻንጣ ጋሪ ሲገፋ ሰማሁ፣ አንዷን ጎማዋ የምትጮኸውን ጋሪ አውቃታለሁ፣ ስንት ጊዜ ዘይት ቀብቻታለሁ። ሌባ ገብቷል ብዬ ወደ ጀርባው በር ሮጥኩ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ከፍቼ ወጣሁ። ጋሪዎቹ ሁሉ በሰንሰለታቸው ታስረው ቆመዋል፣ ጉምና እርጥብ ሣር እንጂ ነፍስ ያለው ነገር የለም።

ስመለስ አዴ ጋዲሴ ተነስተው ቆመዋል። ጀርባቸውን ነው የሰጡኝ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጉንጭ ሲስሙ አየሁ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ። ለሜሳ ረጅም ነበር። «ናጋ ዱፍቴ? በሰላም መጣህ?» ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ «እሺ» ይላሉ፣ ደግሞ ያዳምጣሉ። ማንም የለም! ፊት ለፊታቸው ያለው የተዘጋው የመስታወት በር ብቻ ነው፣ እመነኝ፣ ደግሞም አትመነኝ፣ ግን እሳቸው ዝም ሲሉ አንድ ወፍራም ድምፅ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ፣ ቃሉ ግን አልተለየኝም።

ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቀዘቁ።

«ኢልማ ኮ፣ ለምን ዋሸኸኝ?» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «ነግሮኛል። ሁሉንም እሱ ራሱ ነገረኝ። ዘመዶቼ ሊያረዱኝ ሲመጡ ግን እንዳላወቀ እሆናለሁ፣ ለኔ ብለው ነው የሚደክሙት።»

ልባቸው ይቆማል ብዬ እጃቸውን ይዤ በባጃጅ ቤት አደረስኳቸው፣ መንገዱን ሙሉ እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ገመቹ ጋ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፣ ምን ልበለው? መልሼ አስቀመጥኩት።

ጎህ ሲቀድ ዘመድ አዝማድ ግቢውን ሞላው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጋዲሴ፣ ለሜሳ ትንሽ አሞት ሆስፒታል...» ብለው ሲጀምሩ፣ አዴ ጋዲሴ፣ ምስኪን፣ እንዳላወቀ መሆኑ አቃታቸው።

«አሞት አትበሉኝ። ከመሰላል ነው የወደቀው፣ በግራ ጎኑ» አሉ።

ሁሉም ገመቹን አየ፣ ገመቹ እኔን አየኝ። መሰላል የሚባል ነገር እኔ የሰማሁት ያኔ ነው፣ በአላህ ስም ማልኩ፣ አዴ ጋዲሴም «ልጄ ነው የነገረኝ፣ ሰይድ አይደለም» ብለው ተናገሩ፣ ዘመዶቹ ግን ለተከራያቸው አዝነው የሚሸፍኑልኝ ነው የመሰላቸው።

«ሐኪሙ ያለውን እያወቅክ!» አለኝ ገመቹ ግቢው ጥግ ወስዶ። «ብትሞት ኖሮስ? አደራ በላ!»

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ከአርባ ቀን በኋላ ክፍሉ ለዘመድ ይፈለጋል ተባልኩ። አሁን ኤርፖርት ስንገናኝ ገመቹ ሰላም አይለኝም፣ ስልክ ቁጥሬንም አጥፍቶታል መሰለኝ። ብቻዬን እበላለሁ፣ ብቻዬን አፈጥራለሁ።

ፍራሼን ባጃጅ ላይ ስጭን አዴ ጋዲሴ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ያን ቀን ያልነገርኩህ አለ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለሜሳ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው አንድ ሰው ቆሞ ነበር፣ ፊቱን በደንብ አላየሁትም። ‹ሰይድ የለም እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ ላይ ነው አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹አይ፣ አይቸኩል፣ ሲጨርስ ይመጣል› አለ።»

ማን ነው? ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ የሞተብኝ ሰውም አላጣሁም፣ አባቴ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እንቅልፍ ነስቶኛል፣ አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ያን ቀን ግን ባጃጁ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያፍራል ሰው፦ የጠየቀኝ ሰው አለ ብዬ ደስ አለኝ።