ጋሽ ቦጋለ የተረጎሙት ዝምታ

«አሁን ይቺ አሮጊት ባሏን እየጠበቀች ነው!» አሉ ጋሽ ቦጋለ በማይክራፎኑ። «ባሏ ግን ሌላ ሴት ይዞ ናይሮቢ ገብቷል! ተመልከቱ፣ ጉድ ሊፈላ ነው!»

ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሌንሳ ግን አልሳቀችም። ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀርታለች።

ሌንሳ አስራ አምስት ዓመቷ ነው። በሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ ስለ ፊልም እንደ እሷ ይሉኝታ ሳይዘው የሚናገር የለም። ሰኞ ሰኞ በእረፍት ሰዓት የክፍል ጓደኞቿ ይከቧታል። ስለ ሜክሲኮው ተከታታይ ድራማ ሲጠይቋት «ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልቅሳ ኩሏ እንኳን አልተበላሸም፤ ሞኝ አደረጉን እንዴ?» ትላለች። ስለ ናይጄሪያው ፊልም ደግሞ «ጠንቋዩ አሪፍ ነው፤ ግን ክፍል ሁለት ለማድረስ ብለው አንዱን ሟች አራቴ ቀበሩት» ብላ ታስቃቸዋለች።

ጋሽ ቦጋለ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ፊልም መተርጎም የጀመሩት ድሮ ዋልዳ ካምፕ ውስጥ በስደተኝነት ሳሉ ነው። የህንዱንም የቻይናውንም፣ ቋንቋውን ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ ይተርኩታል። ያልገባቸውን ከራሳቸው ይጨምሩበታል። ግማሹ ሰው የሚመጣው ለእሳቸው ጨዋታ ሲል ነው፤ ሌንሳም በልጅነቷ በሳቅ እየፈረሰች ነው ያደገችው።

የዛሬው ፊልም ግን ከህንድም ከቻይናም አልመጣም። ሰርግ እየቀረጸ የሚተዳደረው ወጣቱ ያታኒ ኡራን የምትባል መንደር ድረስ ሄዶ፣ በዚያው በሰርግ ካሜራው ያነሳው የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። «ያለኝ ካሴት ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ነበር ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኝ። «ሰው ካልወደደው ነገ የሶሎሎውን ሰርግ እላዩ ላይ እቀዳበታለሁ።»

ፊልሙ ላይ አንዲት አሮጊት ውሃ መቅጃው ጋ ተቀምጣለች። ቢጫ ጀሪካኖች በባለቤቶቻቸው ፋንታ ተሰልፈዋል። ከሩቅ አቧራ ይነሳል። አሮጊቷ የውሃ ቦቴ መስሏት ቀና ትላለች። መኪናው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ፣ ሳይቆም ያልፋል። ሴትዮዋ ተነስታ ነፋስ የጣለውን ጀሪካኗን ወደ ተራው ትመልሰዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ተኩስ የለም፣ ፍቅር የለም።

ሌንሳን ግን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። እንዲህ ያሉ ሴቶችን ከተወለደች ጀምሮ ታያለች፤ የአንዷን ፊት እንኳን በቅጡ አስተውላ አታውቅም ነበር። አሁን ተስፋው ወደ አሮጊቷ ዓይን ሲገባና መልሶ ሲወጣ ቁጭ ብላ አየችው። ይሄ ሁሉ ያለ አንድ ቃል! እዚሁ እኛ አካባቢ፣ በሰርግ ካሜራ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል? እያለች በመደነቅ ላይ ሳለች ጋሽ ቦጋለ «ሹፌሩ ሽፍታ ነው!» ሲሉ ጆሮዋን መድፈን አማራት።

ፊልሙ አለቀ።

«ደባሪ ነው ባክሽ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው የክፍል ጓደኛዋ ሻሮን። «ጋሽ ቦጋለ ባይኖሩ ተኝቼ ነበር።»

ያታኒ ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

«እሺ ሌንሳ፣ ፍርድሽን ስጪን!» አሉ ጋሽ ቦጋለ። ፊልም ባለቀ ቁጥር ማይክራፎኑን ለእሷ ማቀበል ልማዳቸው ነው።

ማይክራፎኑ እጇ ላይ ከበዳት። የሜክሲኮዋን ተዋናይ መተቸት ቀላል ነው፤ አትሰማም። ጋሽ ቦጋለ ግን እዚሁ ፊቷ ቆመዋል። ቤቷ ቴሌቪዥን የለም፤ እሳቸው ከተቀየሟት የቅዳሜ ፊልሟ አበቃለት። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ይሄኔ አሮጊቷ አትኖርም፤ የሶሎሎ ሙሽሮች ይጨፍሩባታል።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም» አለች። «ያታኒ፣ እባክህ እላዩ ላይ እንዳትቀዳበት። ግን ዛሬም በደንብ አላየሁትም።»

«እንዴት?» አሉ ጋሽ ቦጋለ።

«እርስዎ ስላወሩበት ነዋ፣ ጋሼ። ሴትዮዋ የምትጠብቀው ባል አይደለም፤ ውሃ ነው። እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም ሊተረጉምልን አይገባም ነበር።»

ሻሮን በክርኗ ጎሸመቻት። የጋሽ ቦጋለ ፊት ቀላ።

«እኔን ዝም በል ነው የምትዪኝ?»

«ለሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ጋሼ።»

ማይክራፎኑን ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። ወደ ያታኒ ዞሩ።

«እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረው» አሉና መጥተው ከሌንሳ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዳንዶቹ ተነስተው ወጡ። ሻሮን እያጉረመረመች ቀረች።

ሌንሳ ማይክራፎኑን አጠፋችው። ፊልሙ የራሱ ድምፅ እንደነበረው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ የኡራን ነፋስ በባዶዎቹ ጀሪካኖች አፍ ላይ ያፏጭ ነበር።