ከሎሚው ሥር አትቅበሪ

«እዚያ አትቅበሪ» አለች ኤብላ።

ሙሉመቤት በአንድ እጇ ጣሳ፣ በሌላው ማንኪያ እንደያዘች ቀና አለች። «ለምን?»

«ሥሩ ይጎዳል። ሎሚ ሥሩን ሲነኩት አይወድም።»

«እሱ ነው የነገረሽ?»

ኤብላ አልሳቀችም። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ አጥራቸውም የተያያዘ ነው። ሙሉመቤት ጓደኛዋ ለዛፍ ስትቆረቆር አይታ አታውቅም። ቢሆንም እንግዶቹ ሊመጡ ስለሆነ ለጭቅጭቅ ጊዜ አልነበረም። ከረሜላ የሞላውን ጣሳ ወስዳ ከአጥሩ ጥግ ቀበረችው።

ታናሽ ወንድሟ ቀናው ዛሬ ስድስት ዓመት ሞላው። ጅጅጋ ውስጥ የልደት ኬክ የሚጋግር ሰው ካለ አድራሻውን ለእነሙሉመቤት የነገራቸው የለም። ስለዚህ ኬኩ ዲፎ ዳቦ ነው፣ ሻማው ጧፍ። ቆቦቹን ሙሉመቤት ከአሮጌ ጋዜጣ አጥፋ ስለሠራቻቸው አንዱ ሕፃን ግንባሩ ላይ የጉባኤ ውሳኔ፣ ሌላው የስንዴ ምርት ዕቅድ ተሸክሞ ይውላል። ፊኛ ከሱቅ ስለጠፋ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው እናቷ፣ ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ የላስቲክ ጓንቶች አምጥታ ነበር። ተነፍተው፣ አንገታቸው በክር ታስሮ በረንዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሲነፏቸው በሳቅ ፈርሰው ነበር። አሁን ግን ንፋሱ በነካቸው ቁጥር ጣቶቻቸውን ዘርግተው አንድ ላይ ወደ ጓሮው ይዞራሉ። ሙሉመቤት እነሱን ማየት ትታለች።

የዕለቱ ዋና ጨዋታ የተቀበረ ሀብት ፍለጋ ነው። በዚህ ከተማ ፈንጂ ስለሚፈራ ልጁን «መሬት ቆፍር» የሚል ወላጅ የለም። ይህን ግቢ ግን ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ወታደሮች በብረት ዘንግ ስንዝር በስንዝር ወግተው ንጹሕ ነው ብለዋል። የፈለጉት ብረት ነበር፤ ብረት አላገኙም። ባለቤቶቹ ወደ ሶማሊያ ሸሽተው ስለነበር ቀበሌው ቤቱን ለመንግሥት ሠራተኛ ሰጠው። እነማን እንደነበሩ የጠየቀ የለም።

ሕፃናቱ መጡ፤ ቆባቸውን አጠለቁ፤ ማንኪያ ታደላቸው። ሙሉመቤት «ጀምሩ» ስትል ወደየጥጉ ተበተኑ። ቀናው ግን አልሮጠም። ቀጥ ብሎ ወደ ሎሚው ሄደና ተንበረከከ።

«ቀናው፣ እዚያ ምንም አልቀበርኩም» አለችው።

«አለ» አላት ዞር ሳይል።

ማንኪያውን አፈሩ ውስጥ እየሰካ በሶማሊኛ ማውራት ጀመረ። ከሰፈር ልጆች ጋር ስላደገ ቋንቋውን ከእህቱ ይልቅ እሱ ያቀላጥፈዋል።

«ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» አለች ኤብላ።

«ከራሱ ጋር። ሰሞኑን አመል ሆኖበታል።»

ኤብላ ትንሽ አዳመጠች። «ከራሱ ጋር አይደለም። ይጠይቃል፣ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ እሺ ይላል።»

«ምንድን ነው የሚጠይቀው?»

«'እዚህ ጋ ነው? ትንሽ ዝቅ ልበል?' ነው የሚለው።»

ቀናው አንድ ነገር ከአፈሩ ጎትቶ አወጣና በሸሚዙ ጠረገው። የአንድ እግር ቀይ የላስቲክ ጫማ ነበር፤ ከሙሉመቤት መዳፍ አይበልጥም።

«የሆዶ ነው» አለ። «አንዱ እግሯ ባዶ ነበር።»

ኤብላ የሙሉመቤትን ክንድ ጨብጣ ያዘች። «ስሟን ማን ነገረው?»

«የማንን? ሶማሊኛ የሆነውን ሁሉ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ።»

«ወላሂ፣ ይህን ስም ጠርቼ አላውቅም። እኛ ቤትም አይጠራም።»

ይህን ሲሉ ከአጥሩ ጥግ ማሃሙድ የሚባለው ልጅ የቀናውን ግኝት አየ። «ትልቁ እዚያ ነው» ብሎ ማንኪያውን እያውለበለበ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በአፍታ የሎሚውን ግንድ ከበው አፈሩን ይዝቁት ጀመር።

«ሙሌ» አለች ኤብላ በሹክሹክታ። «አሁን ምንም አትጠይቂኝ። አስቁሚያቸው።»

ሙሉመቤት እጇን አጨበጨበች። «ዳቦው ሊቆረስ ነው። የቀደመ ጫፉን ይወስዳል።»

ማንኪያዎቹ አፈሩ ላይ ተሰክተው ቀሩ። ጓሮው ውስጥ የቀሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

«የዚህ ቤት ልጅ ነበረች፤ እኩያዬ» አለች ኤብላ። «እናቴ ናት የነገረችኝ። መድፍ ሲተኮስ በዋለበት ቀን ሞተች። ጥይቱ አላሳልፍ ስላለ መቃብር ድረስ ሊወስዷት አልቻሉም። አባቷና አባቴ እዚህ ቀበሯት። ሎሚውን ምልክት አደረጉት። በማግስቱ ቤተሰቧ ሸሸ።»

ሙሉመቤት እግሯን ከቆመችበት አነሳች፤ የት እንደምታሳርፈው ግን አላወቀችም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? 'ሳሎናችሁ ያምራል፣ ጓሯችሁ ውስጥ ልጅ አለች' ልበልሽ?»

«እሺ፣ እናቷስ?»

«ዘንድሮ ከስደተኞቹ ጋር ተመልሳለች፤ ሐርተሼክ መጠለያ ጣቢያ ናት። አክስቴ ባቱሎ ወተት ልትሸጥ ሄዳ አገኘቻት። ከጅጅጋ የመጣ ሰው ባየች ቁጥር 'ሎሚው አለ?' ትላለች አሉ። ሌላ ነገር አትጠይቅም። አክስቴ አላውቅም አለቻት።»

«እያወቀች?»

«የመንግሥት ሰው ቤት ነዋ፣ አቦ። ማን ነው አውቃለሁ የሚለው?»

ከኋላቸው አንድ ሰው ተነፈሰ። ለተሥላሴ የዳቦ ቢላዋ እንደያዘች ከጓሮው በር ላይ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች ፊቷ ይናገራል።

«ድፈኑት» አለች።

«እማዬ...»

«ድፈኑት አልኩ። ሴትዮዋ መጥታ ቤቴ ነው ብትልስ? አባትሽ ለሥራ ደገሀቡር ነው፣ መቼ እንደሚመለስ እንኳ አናውቅም። ቀበሌው ውጡ ካለን ልጅ ይዤ የት ልግባ?»

ሙሉመቤት ወደ ቤቱ አየች። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የላቸውም። እናቷ ክፉ ሆና አይደለም። ጉድጓዱን መድፈን ቀላል ነው፤ በማንኪያ እንኳ ይደፈናል።

ዞር ስትል ቀናው ሥራውን ጀምሯል። ማንኪያ አልያዘም። አፈሩን በመዳፉ እየመለሰ፣ የተኛ ልጅ ሲያለብሱ እንደሚደረገው ዳር ዳሩን ቀስ እያለ ይጠቀጥቃል። ሲጨርስ ጫማዋን ከላይ አስቀመጣት፤ አፍንጫዋን ወደ ውጭው በር አዞራት።

«ለምን እንዲህ አደረግካት?» አለችው እህቱ።

«እንዲህ አርጋት አለችኝ። እየጠበቀች ነው።»

«ማንን?»

ቀናው ይህ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይን አያት።

ከቤት ውስጥ ሕፃናቱ ባለ ልደቱን ሳይጠብቁ የእንኳን ተወለድክ ዘፈኑን ጀምረውታል።

«አክስትሽ ሐርተሼክ የምትሄደው መቼ ነው?» አለች ሙሉመቤት።

«ነገ ጠዋት» አለች ኤብላ።

«ሎሚው አለ ትበላት።»

ለተሥላሴ ቢላዋውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ዳቦው ገና ስላልተቆረሰ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ትምጣ ካላችሁ በጓሮ በኩል ትግባ። ሰው ሳያይ።»

«በዋናው በር ነው የምትገባው» አለች ሙሉመቤት። «እኔ እከፍትላታለሁ።»