ሰባተኛው ስም

«ጋሽ ሸረፋ አልበሙ ውስጥ ገብተዋል» አለ ሙንታሲር።

ሰልሚያ ተነሳች። ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የፎቶ አልበሙን አውጥታ ታገላብጥ ጀመር።

«የቱ ጋ ነው? ይሄ እኮ የሰርግ ነው...»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንቺ ሴት! የዘፈን አልበም ነው የሚልሽ!»

ሰልሚያ አልሳቀችም። አልበሙን ከደነችው።

«ድምፁ ነው?» አለች።

ይህን የምጽፍላችሁ ሰው ነግሮኝ አይደለም። እዚያው ነበርኩ፣ እመብርሃንን! ቡታጅራ፣ አርብ ቀን፣ ሰው ከጁምዓ ተመልሶ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። በር ላይ ባጃጆች ይጯጯሃሉ። ጨለማ ነበር፣ ውሻ አላዘነ ብዬ አላሳምርላችሁም።

ሰልሚያ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነበረች። ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ።

ባሏ ሸረፋ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወልቂጤ ሆስፒታል ታሞ ተኝቶ ሳለ ነው። አሥራ አንድ ቀን ከአጠገቡ ሳትለይ አስታምማው፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሻይ ልትገዛለት ወጣች። ስትመለስ ተሸፍኗል።

ከጎኑ የተኛው በሽተኛ፣ «እህቴ፣ ሁለቴ ጠራሽ» አላት።

ምነው ያ ሰውዬ ዝም ባለ!

ከዚያ ወዲህ ልጆቿም ሆኑ ጎረቤት፣ ስሟን የጠራ ሁሉ ጥሪው ሳያልቅ መልስ ያገኛል። ወጥ ቢያርርባት፣ ሳሙና ዓይኗ ቢገባ፣ «አለሁ!» ትላለች። «አንቺ፣ ዶሮ ቢጮህም አለሁ ትያለሽ» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

አሁን አልቀልድም።

ሙንታሲር የሰፈራችን ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሠላሳውን አልፎም ማታ ማታ ሙዚቃ ያቀናብራል። በኢንተርኔት ካገኘው አንድ ፈረንጅ ጋር አልበም ይሠራሉ። ፈረንጁ ከሩቅ አገር እምምም የሚል ድምፅ ይልካል፤ ምት የለው፣ ግጥም የለው። ሙንታሲር ደግሞ የእኛን አገር ዜማ ከላዩ ይጨምርበታል። አንዴ አሰምቶኝ፣ «ይህንንማ የእኔ ፍሪጅ በነፃ ይለዋል» ብዬው ተኳርፈናል።

ሸረፋን የቀዳው ከመሞቱ በፊት፣ መስቃን ገጠር ቤት ሲሠራ ነው። ሸረፋ ጠሪ ነበር። በእነሱ ዘንድ የቤቱ ምሰሶ ዝም ተብሎ አይነሳም። ጠሪው እያዜመ የእያንዳንዱን ሰው ስም ይጠራል። የተጠራው «አለሁ!» ብሎ ትከሻውን ይሰጣል። አንድ ሰው ሳይመልስ ከተነሳ ምሰሶው ይወድቃላ! ስለዚህ ጠሪው ይጠብቃል። ሁሉም እስኪመልስ... ይጠብቃል።

ሰልሚያ ሻሿን ልታስተካክል ጓዳ ገባች። ድምፁን ለመስማት ሻሽ ማስተካከል! ሙንታሲር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እትዬ ወርቄ... አንድ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ፈረንጁ ጻፈልኝ። ሰባተኛው ስም የማን ነው አለኝ።»

«እና የማን ነው?»

«እኔ የቀዳሁት ስድስት ሰው ነው።»

ዞሬ አየሁት።

«አራት ደቂቃ ነበር የላክሁለት። አሁን ዘጠኝ ሆኗል። እኔም አልነካሁት፣ እሱም አልነካውም። ከሰባተኛው ስም በኋላ ያለው ዝምታ ነው... የሚረዝመው።»

«ስሙ ማን ነው?»

ወደ ጓዳው አየ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሞተ ሰው ሲጠራሽ አቤት አትበይ ትለኝ ነበር። ከመለስሽ ይዞሽ ይሄዳል። ሰልሚያም ይህን ታውቃለች፤ እሷ አገርም አለ።

«አታሰማት» አልኩት።

«ክፈተው» አለች ሰልሚያ ከኋላችን።

ያመጣውን ላፕቶፕ ኮምፒውተር ከስፒከሩ ጋር አገናኝቶ ከፈተው።

እምምም... የፈረንጁ ድምፅ መጣ። ቤቱን ሞላው። ከሥሩ ሸረፋ ብቅ አለ። ያ ወፍራም፣ በርበሬ የነካው የሚመስል ድምፁ! ሰልሚያ መሬት ቁጭ አለች።

«ሙባሪክ!» ሲል ተጣራ።

መልስ የለም። እምምም ብቻ።

«ሲቀዳ መልሶ ነበር» አለ ሙንታሲር በሹክሹክታ።

ሙባሪክ ቆሼ ከተማ በርበሬ ይነግዳል። ደህና ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሰላም ብሎኛል።

«ናጃህ!»

«አለሁ!»

ናጃህን በረመዳን ቀብረነዋል።

ሌሎቹን አራቱንም ጠራ። አራቱም በሕይወት አሉ። አንዳቸውም አልመለሱም።

ከዚያ ዜማው ቆመ። ሸረፋ መዝፈኑን ተወ። ድምፁ ተለወጠ... ቀጠነ፣ ደረቀ። የገጠሩ ጠሪ ድምፅ አልነበረም። የአልጋው ነበር።

«ሰልሚያ...»

አፏን በእጄ ያዝኩት። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም።

«በሞቴ! እንዳትመልሺ!»

ትንፋሿ መዳፌ ውስጥ ይሞቃል። እንባዋ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። ሙንታሲር ኮምፒውተሩን ጠረቀመው።

እምምም... አልቆመም።

የስፒከሩን ገመድ ነቀለ።

አልቆመም።

ያን ጊዜ ነው የባጃጆቹ ድምፅ መጥፋቱን ያስተዋልኩት። በሩ ክፍት ነው። ባጃጆቹ ሲያልፉ ይታየኛል። ድምፅ ግን የላቸውም።

«ሰልሚያ...»

ሁለተኛው ነው።

ሰልሚያ እጄን ያዘች። አልታገለችኝም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አነሳቻቸው፣ የሕፃን እጅ እንደሚፈታ ሰው።

«ወርቄ» አለችኝ በቀስታ። «ያን ቀንም ዝም አልኩት። ዛሬም ዝም ልበለው?»

«እሱ አይደለም፣ ሰልሚያ።»

«ባሌን እኔ አላውቀውም?»

«ልጆችሽስ?»

«ልጆቼ ሲጠሩኝ አለሁ ብያቸዋለሁ። ሁልጊዜ። ያልመለስኩት እሱን ብቻ ነው።»

እንደገና አፏን መያዝ እችል ነበር። ክንዴ ከእሷ ይበረታል። ግን ፊቷን አየሁት... ሦስት ዓመት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

እግዜር ይይልኝ።

ሻሿን ነካ አደረገች።

«አለሁ» አለች።

እምምም የሚለው ቆመ።

ሙንታሲር የተነቀለውን ገመድ እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስፒከሩ መሃል ወለል ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከፊቱ ያለው ጨርቅ ሰው ሲተነፍስ እንደሚሆነው ገባ... ወጣ... ገባ።

ከዚያ ከውስጡ፣ ምንም ሳይቆጣ፣

«ቆየሽ» አላት።