ከኢንተር በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢ

ፍላሹ ቀዝቃዛ ነበር። ፒህላን መጀመሪያ ያስደነገጣት ይሄ ነው። ሁለት ጊጋ የተጻፈበት ፍላሽ ሲነኩት ይሞቃል። ይሄኛው ግን ከውጭ እንደገባ ቁልፍ ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ትእዛዙ ያለ ምንም እንከን መጠናቀቁን የሚናገር አንድ መስመር ቆሟል። ተጽፏል፤ ግን ፍላሹ ላይ አይደለም። ታዲያ የት ላይ?

በእግሯ የጠረጴዛውን እግር ትመታ ጀመር።

«ምን ሆነሻል? ጠረጴዛውን እየናጥሽው ነው እኮ» አለ ቱካ ከፊት ለፊቷ። ቱካ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ የአሮጌ ላፕቶፕ ኪቦርድ እየፈታ በብሩሽ ሲጠርግ ነው የዋለው።

«ምንም።»

የዲስኮቹን ዝርዝር አወጣች። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ሊኑክስ፣ ዲስኮችን በፊደል ነው የሚጠራቸው። ቤቷ ባለው ላፕቶፕ ላይ ኤ የውስጡ ዲስክ ነው፣ ቢ ደግሞ ሁልጊዜ ፍላሹ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቢ ብላ ስትጽፍ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። አሁን ፊቷ ያለው ኮምፒውተር ግን ሆዱ ውስጥ ሁለት ዲስክ ነበረው። ፍላሹ ሲ ነው። ቢ የወይዘሮ ራይሊ ሁለተኛ ዲስክ ነበር።

ወይዘሮ ራይሊ ጠዋት ኮምፒውተሩን በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ እየጎተቱ ሲያመጡ ሁሉም ሰው ሰምቷቸዋል። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ሠላሳ ዓመት መዘምራን መርተዋል። የፋሲካው፣ የጥምቀቱ፣ የቀብሩ፣ ሁሉም ዝማሬ እዚያ ዲስክ ላይ ተቀድቷል። «ከዘመሩት ግማሾቹ አሁን የሉም» ነበር ያሉት፣ የኮምፒውተሩን ሽፋን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ እያደረጉ። «ሌላ ቦታ የለኝም። እዚሁ ብቻ ነው።»

የቅዳሜውን ሥራ የሚመራው ኤስኮም «መጀመሪያ ቅጂ እንወስዳለን፣ ከምሳ ስመለስ። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይጽፍ» ብሎ ወጣ። ፒህላ ግን ሲመለስ ሊኑክስ የሚጫንበትን ፍላሽ አዘጋጅታ ልትጠብቀው ፈለገች። አራተኛ ደረጃ ያለው ሰው ሌላው ከምሳ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅማ።

ደረጃው በሩ አጠገብ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። በዮኤንሱ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ለደቦ የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ ያረጁ ኮምፒውተሮችን በሊኑክስ ሊያድስ ሲመጣ፣ በክር በተንጠለጠለው እርሳስ ከስሙ ጎን ቁጥር ይጽፋል። ማንም አይፈትነውም። አንድ ማለት ከፍቼ መዝጋት እችላለሁ ነው። ሁለት፣ የታዘዝኩትን እጽፋለሁ። ሦስት፣ ኢንተርን ሳልነካ በፊት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አራት፣ ሲበላሽ የት እንደምፈልግ አውቃለሁ። ከስሙ ጎን አምስት የጻፈ እስካሁን የለም። ከሦስት በታች የጻፈ ሰው የሌላ ሰው ዲስክ አይነካም። ሰኔ ላይ ደግሞ ከታዳጊዎቹ አንድ ሰው ሁለት ሳምንት በደመወዝ እዚሁ ይሠራል፤ እሱም ከሦስት በታች አይሆንም።

ፒህላ በመጣች በመጀመሪያው ቀን አራት ብላ ጻፈች። ቱካ ሁለት ጻፈ። የኤስኮን ስትፈልግ ሦስት ሆኖ አገኘችውና ለቱካ በክርኗ አሳየችው። «የወረቀት ፋብሪካ ማሽን ሲጠብቅ የኖረ ሽማግሌ ምን ታደርገዋለህ!» ብላ ሳቀች።

አሁን ግን ሳቅ የለም።

«ቱካ» አለች በሹክሹክታ፣ «ና እስቲ።»

ብሩሹን እንደያዘ ዞሮ መጣ። ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «ቢ ላይ ጻፍሽበት?»

«አዎ።»

«ለሰው ጮክ ብለሽ ሳታነቢ?»

የዚያ ክፍል ልማድ ነው። ዲስክ የሚነካ ትእዛዝ የጻፈ ሰው ከኢንተር በፊት እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ለጎረቤቱ ቃል በቃል ያነባል። ፒህላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አንዴ አደረገችው። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተሰማትና ተወችው።

«አይ አንቺ ልጅ፣ ቀወጥሽው!» አለ ቱካ። በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አሮጌ ዲስክ ነው። ስንከፍተው ሞቶ ነበር እንላለን። ዲስክ ይሞታል፤ ማን ይጠይቃል? እኔም አይቻለሁ እላለሁ።»

«ለምን ትዋሽልኛለህ?»

«ሰኔን ትፈልጊያታለሻ!» ትከሻውን ሰበቀ። «እኔን እንደሆን ማንም አይመርጠኝም። የኪቦርድ ፍርፋሪ ጠራጊ ነኝ።»

በምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት ወንዙ ይታያል። የሚያዝያ በረዶ ተሰነጣጥቆ፣ ቁርጥራጩ እርስ በርሱ እየተጋፋ ይወርዳል። ፒህላ ለመቀመጥም ለመነሳትም አልሆነላትም። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ የጃኬቷን ዚፕ ከፍታ ዘጋች። ስልኳን አውጥታ የጠፋ ዲስክ እንዴት እንደሚመለስ ፈለገች። የመጀመሪያው መልስ «ይህን ጻፍ፣ ይሠራል» ይላል፤ ከስሩ ረጅም ትእዛዝ አለ። ሌሎች አርባ ሰዎች አመስግነውታል።

ጻፈችው። ጣቷ ኢንተር ላይ ደረሰ።

ሦስተኛው ቃል ምንድን ነው? አታውቀውም። አራተኛውንም አታውቀውም። እንዲያውም፣ ልቧን ብትጠይቀው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጻፈቻቸው ትእዛዞች የምታውቃቸው ስንቶቹን ነው? ሠርተውላታል፤ ማወቅ ማለት ያ መስሏት ነበር።

ጣቷን አነሳች። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከባድ ነበር፤ እጆቿ የራሳቸው ነፍስ ያላቸው ይመስል ወደ ኪቦርዱ ይመለሱባታል። ብትቀመጥባቸው ተሻላት።

ኤስኮ በሩን ሲከፍት በእጆቿ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከኋላው ወይዘሮ ራይሊ ገቡ፤ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። የሩዝ ገንፎ በመሃሉ ያለበት ቀጭን ጥቁር ቂጣ ነው፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ገና ትኩስ ነው» አሉ ራይሊ። «ማነው የራበው?»

ቱካ ፒህላን አየ። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«ኤስኮ፣ የወይዘሮ ራይሊን ዲስክ አጠፋሁት።» በዚያ ክፍል ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው፤ ከራይሊ በቀር አንቱ የሚባል ሰው የለም። «ፍላሹ ቢ መስሎኝ ነበር። ሳላነብ ኢንተር አልኩ። ወይዘሮ ራይሊ፣ ዝማሬዎ ላይ ጻፍኩበት።»

ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። ራይሊ ፎጣውን ደግመው አስተካከሉት፣ ያልተዛባውን።

«ምን ያህል ጻፈ?» አለ ኤስኮ።

«ሁለት ጊጋ።»

«ዲስኩ ሰማንያ ነው። ከዚያ በኋላስ ምን አደረግሽ?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ምንም?»

«ትእዛዝ ጽፌ ነበር፤ ያው እዚያ ላይ አለ። ግን አላስገባሁትም። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ኤስኮ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና አነበበው። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ አንድ ፊደል አንድ ፊደል እያለ አጠፋው። «ይሄ ቢገባ ኖሮ የቀረውንም ይጠርገው ነበር» አለ፤ ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገር ይመስላል። «አሁን ግን ሰባ ስምንቱ ሳይነካ ይኖራል። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ እንገልብጠው። ፍለጋው ቅጂው ላይ ነው። ጻፊ።»

«እኔ?»

«ማን አጠፋው?»

ፒህላ ወደ ራይሊ ዞረች። አሮጊቷ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«መዘምራኔ ውስጥ» አሉ፣ «ዜማውን የማያውቅ ሰው አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። ከሁሉም በላይ አፉን የሚከፍተው እሱ ነው። አውቀዋለሁ፤ አልናገረውም። እስኪጠይቀኝ እጠብቃለሁ።» በአገጫቸው ወደ ኪቦርዱ አመለከቱ። «በይ ጻፊ እንግዲህ።»

ትእዛዙ ያው ለፍላሹ የጻፈችው ዓይነት ነበር። አንድ ከየት፣ አንድ ወደ የት። ሁለቱ ፊደሎች ቦታ ቢለዋወጡ ባዶው ዲስክ በዝማሬው ላይ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የሚፈለግም ነገር አይቀርም። ጽፋ ጨረሰች። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ቱካን ሳይሆን ራይሊን እያየች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«ይሄ ገልብጥ ማለት ነው። ይሄ ከየት ማለት ነው። ቢ የእርስዎ ዲስክ ነው፤ ሰማንያ ጊጋ። ይሄ ወደ የት። ዲ ኤስኮ አሁን የሰካው ባዶ ነው፤ አምስት መቶ ጊጋ።» ቆመች። ዝርዝሩን ደግማ አወጣች፣ ፊደሎቹን ከመጠናቸው ጋር አስተያየች። «ይሄ መጨረሻ ላይ ያለውን ግን አላውቀውም። ሁልጊዜ እጽፈዋለሁ እንጂ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።»

«በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚጎርስ ነው» አለ ቱካ ከኋላዋ። ሁሉም ዞረው አዩት። ጆሮው ቀላ። «ምን? መመሪያውን አንብቤዋለሁ። ጥርስ ሲያመኝ አንድ ሳምንት ቤት ተኝቼ ነበር።»

«አንተ እኮ ሁለት ነበር የጻፍከው!» አለች ፒህላ።

«ሞክሬው አላውቅማ። አንብቤው ብቻ ነው።»

ኢንተር።

ቂጣው እስኪያልቅ፣ ከዚያም አልፎ ጠበቁ። ፒህላ ሁለት ጊዜ ውጭ ወጥታ ተመለሰች። ቅጂው እንዳለቀ ኤስኮ ፍለጋውን አስጀመረ፤ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትወርድ፣ ፋይሎቹ አንድ ባንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። መቶ። ሦስት መቶ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

«ስንት ነበሩ?» አለ ኤስኮ።

«ቆጥሬያቸው አላውቅም» አሉ ራይሊ። «ከዚህ ግን ይበዙ ነበር።»

የተገኙትም ስም አልነበራቸውም። ስሞቹ የተጻፉበት የዲስኩ ክፍል የፒህላ ሁለት ጊጋ ያረፈበት ነው። የፋሲካው የቱ እንደሆነ፣ የቀብሩ የቱ እንደሆነ የሚናገር የለም፤ ቁጥር ብቻ ተደርድሯል። ራይሊ ዝርዝሩን ወደ ታች ወደ ታች አዩት። «ይሄን ሁሉ ማን ሰምቶ ይለየዋል?» አሉ፤ ማንንም አልጠየቁም።

ኤስኮ የመጀመሪያውን ከፈተ። መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ወለል ላይ የሚጎተት ወንበር፣ ከዚያ ወፍራም የወንድ ድምፅ ብቻውን ተነሳ፤ ሌሎቹ ከስሩ ገቡ። ቱካ ብሩሹን አስቀመጠ። ራይሊ አይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፣ አማተቡ።

ፒህላ ተነሳች። ወደ በሩ ሄዳ ወረቀቱ ፊት ቆመች። ከስሟ ጎን ያለው አራት ደምቆ ነው የተጻፈው፤ ያኔ እርሳሱን ተጭናው ነበር። በእርሳሱ ጫፍ ባለው ላጲስ ፈተገችው። ጥላው አልጠፋም፤ ላዩ ላይ ሁለት ጻፈችበት። ከዚያ እርሳሱን ከነክሩ ፈትታ ይዛው መጣች፤ ከአታሚው ላይ ነጭ ወረቀት አንስታ ራይሊ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። «ሰኔንም ሙሉውን። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ራይሊ አይናቸውን ገልጠው እጇን አዩ፤ እርሳሱን፣ የተንጠለጠለውን ክር። ዝማሬው አልቆ ዝም አለ።

«ድገመው» አሉት ኤስኮን። ከዚያ ወደ እሷ ዘንበል አሉ። «የጥምቀት ዋዜማ ነው። የሳለው አክሴሊ ነው። እሱንም ጻፊው።»

ፒህላ አንድ ቁጥር ጻፈች፤ ከጎኑ የዝማሬውንና የአክሴሊን ስም ጻፈች፤ ከዚያ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው።