በአዲሱ ኮምፒውተር የፈረሱት ገጾች

«ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» አለ ስክሪኑ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ድንቡሼ «እሺ» የሚለውን ተጫነች። ሌላ የሚጫኑት ነገር የለማ! የምን እሺ ነው ደግሞ፤ እሷም እሺ አላለችም፣ አባቷም እሺ አላለም።

ጉንጯ ሞላ ያለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ድንቡሼ ያለቻትም እናቷ ነበረች። እንደገና ልትሞክር ስትል የማተሚያ ቤቱ በር ተበረገደና የክፍል ጓደኛዋ ራዲዮ ገባች። ራዲዮ የተባለችው ማንም ሳይከፍታት ስለምታወራ ነው። የምረቃ መጽሔታቸው አዘጋጅም እሷው ናት።

«ድንቡሼ፣ ልጆቹ አሳበዱኝ እኮ! ምረቃው ቅዳሜ ነው። መጽሔቱ የት ደረሰ?»

«አልቋል እኮ! ማተም ብቻ ነው የቀረው።»

«የምርሽን? እናትሽ ትሙ...»

ራዲዮ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚሉት ነገር ነው፤ አፍ ለምዶት እንጂ ማንም አስቦ አይለውም። የድንቡሼ እናት ግን ከሞተች ገና ወር አልሞላትም።

«ውይ! በናትሽ ይቅር... አፈር ልብላ!» አለች ራዲዮ። ይባስ ብሎ እሱም ውስጥ እናት አለች።

ድንቡሼ ሳቋ መጣ፣ እንባዋ ግን ቀደመው። «ሂጂ በቃ፣ ነገ እደውልልሻለሁ» ብላ ሸኘቻት። ጓደኛዋን ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከበዳት።

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ገጽ የምታቀናብረው እናቷ ነበረች፤ አባቷ ያትማል፣ ይቆርጣል፣ ይጠርዛል። መጽሔቱንም አቀናብራ ጨርሳው ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን የድሮው ኮምፒውተር አንድ ቀን ጠፍቶ በዚያው ቀረ። ኮምፒውተር ጠጋኙ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ገለበጠላቸው። ፋይሎቹ መጡ፤ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት ፕሮግራም ግን ቢመጣም አልከፈት አለ። «አርጅቷል፣ አዲሱ ሲስተም አይቀበለውም» አለና በምትኩ የዘንድሮውን ጫነላቸው።

አዲሱ ፕሮግራም መጽሔቱን ከፈተው፤ ገጾቹ ግን ፈርሰዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ኮምፒውተር ከመልመዷ በፊት በጽሕፈት መኪና ነበር የምትጽፈው። በጽሕፈት መኪና መስመሩ ሲያልቅ ወደ ታች የሚያወርደው ጸሐፊው ራሱ ነው። ያ ልማድ አልለቃት ብሎ፣ ኮምፒውተር ላይም በየመስመሩ ጫፍ ኢንተር ትመታ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ራሱ ይወርዳል እኮ!» ይላታል አባቷ።

«ሳላዘው የት አባቱ ይወርዳል!» ትለዋለች።

በድሮው ፕሮግራም ይህ ማንንም አልጎዳም። በአዲሱ ግን ፊደሎቹ ትንሽ ሰፍተው መጡና የየመስመሩ የመጨረሻ ቃል ወደ ታች ወደቀ፤ ቀጥሎ ኢንተር ስላለም እዚያው ብቻውን ቀረ። ረጅም መስመር፣ አንድ ቃል፣ ረጅም መስመር፣ አንድ ቃል፤ መጽሔቱ ከዳር እስከ ዳር። ኢንተሮቹን በአንድ ጊዜ ጠርጌ ልጣላቸው ቢሉ ግጥሙም ጽሑፉም ይደበላለቃል። ያለው መፍትሔ ኢንተሮቹን አንድ በአንድ እያዩ ማጥፋት ነው።

አባቷ ይህን ሲሰማ አሻፈረኝ አለ። «እሷ የሠራችውን ማንም አይነካውም!» ብሎ፣ ጠጋኙ አሮጌ ኮምፒውተር እንዲያፈላልግለት ለመነው።

ራዲዮ ከሄደች በኋላ፣ ከሰዓት ላይ አባቷ ከጠጋኙ ዘንድ ባዶ እጁን ተመለሰና ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«የለም። የድሮ ዕቃ ሁሉ ተፈታቶ ተሸጧል አለኝ።»

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ማሽን ላይ ካልወጣ እኮ አይደርስም።»

«ይቅራ! እናቴ ሞታ ነው በያቸው። ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።»

ይገባቸዋል፤ እውነቱን ነው። ራዲዮ ታለቅሳለች፣ ክፍሉ በሙሉ ያቅፋታል፣ ሁለተኛ የሚጠይቃት አይኖርም። አልቋል ብላ መዋሸቷም ተረስቶ ይቀራል። እንዴት ቀላል ነው! ድንቡሼ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው።

«እማዬ ቀጠሮ አሳልፋ ታውቃለች?» አለች።

አባቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ያስተካክል ጀመር።

«አልጋ ላይ ሆና እንኳ የልጆቹን መጽሔት አደራ ስትል አልነበር? እኔን እኮ ነው ያለችኝ።»

ድንቡሼ ወደ ስክሪኑ ዞረችና የተደበቁ ምልክቶችን የሚያሳየውን ተጫነች። ኢንተር በተመታበት ሁሉ ትንሽ ምልክት ብቅ አለ። ይሄ ሁሉ የእናቷ ጣት ነው። እዚህ መታች፣ እዚህ መታች፣ እዚህ ጋ ደግሞ ደክሟት ይሆናል ሁለቴ መታች። ድንቡሼ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያልተነካው ቅጂ ፍላሽ ላይ ተቀምጧል፤ ግን ገጾቹን እናቷ እንዳየቻቸው አድርጎ የሚያሳያት ኮምፒውተር ከእንግዲህ የለም። ለወራት ቢጠበቅም አይመጣም።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አነሳች። «አላለቀም። ዋሽቼሽ ነው። አሁን ልጀምር ነው፤ ከቻልሽ መጥተሽ አግዢኝ» ብላ ለራዲዮ ላከችላት። ከዚያ ጠቋሚውን የመጀመሪያው ምልክት ላይ አቆመችው።

«አባዬ፣ ልንካው?»

አባቷ ተነስቶ ወንበሩን እየጎተተ አጠገቧ ተቀመጠ። ስክሪኑን ብዙ አየው።

«ዞር ልበል» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እያዞረ። «አንቺ ሥሪ።»

አጠፋችው። ከታች የነበረው መስመር ከፍ አለና ብቻውን ከቀረው ቃል ጎን ቆመ። አባቷ እንደዞረ ነው። በግራ እጇ እጁን ያዘችና በቀኟ ወደሚቀጥለው ምልክት ወረደች።